ከስንቃችን ጋር የሚጓዘው እንግዳ፤ በምግብ ላይ ስለሚጨመሩ ነገሮች

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የእመቤታችንን በዓል ለማክበር ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የተጓዘ ምእመን ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የግሸን መንገድ የሚጀመረው ከስንቅ ነው። አምባው በአምባሰል ተራሮች መካከል በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን ያኖሩበት፣ በቀድሞ ዘመንም የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረ ስፍራ ነው። ወደዚያ የሚወጣ ሰው ጉልበቱንም እህሉንም አስቀድሞ ያሰናዳል። ስለዚህ እናቶቻችን በሶውን ፈጭተው፣ ቆሎውንና ዳቦ ቆሎውን ቆልተው፣ ድርቆሹን በፀሐይ አድርቀው፣ በከረጢት ቋጥረው መንገዱን ይጀምሩ ነበር።

ይህ ስንቅ ሳምንት ቢሰነብት አይበላሽም። የማይበላሽበትም ምክንያት የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። ሻጋታም ሆነ ምግብ የሚያበላሹ ረቂቃን ተሕዋስያን ያለ ውኃ ሊራቡ አይችሉምና፣ እናቶቻችን ውኃውን በእሳትና በፀሐይ ስላስወገዱት ነው። ዛሬ ግን በዚያው መንገድ፣ ከውጫሌ ጀምሮ እስከ አምባው ሥር ድረስ፣ ሌላ ዓይነት ስንቅ ተዘርግቶ ይታያል። በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታሸገ ብስኩት፣ ቀይና ብጫ መጠጥ፣ ከረሜላ፣ ለወራት የማይበላሽ ኬክ በየሸራው ላይ ተደርድሯል። ይህም ስንቅ አይበላሽም፤ የማይበላሽበት ምክንያት ግን ከእናቶቻችን ምክንያት የተለየ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በዓሉ በዕለተ ረቡዕ ዋለ። በዚያ ዓመት ከአምባው ሥር አንዲት እናት ስድስት ዓመት የሚሆነውን ልጇን እጁን ይዛ ቆማ አየን። ልጁ ደክሞት ያለቅስ ነበር። ከመንገድ ዳር ሸቀጡን ዘርግቶ ከሚሸጥ ወጣት አንድ እሽግ ብስኩትና አንድ ጠርሙስ ቀይ መጠጥ ገዝታ ከሰጠችው በኋላ፣ እሽጉን አገላብጣ ተመለከተችና አጠገባችን ለነበሩ አንድ አረጋዊ ካህን ዘረጋችላቸው።

«አባቴ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ልጁስ ሕፃን ነው፤ እኔ ልቀምሰው ብዬ ነው። ይህ የጾም ይሆን? ደግሞስ ይህ ቀለም ልጄን አይጎዳብኝም?» አለች።

ካህኑ እሽጉን ወደ ብርሃን አቅርበው ትንንሾቹን ፊደላትና ቁጥሮች ጥቂት ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ልጄ፣ እኔ የማነበው የግእዙንና የአማርኛውን ነው፤ ይህን ግን እነዚህ የተማሩ ልጆች ያንብቡልሽ» ብለው ወደ እኛ አሳለፉት። እኛም አነበብነው፤ ነገር ግን ያነበብነውን አላወቅነውም። አንገታችንን ደፍተን እሽጉን መለስንላት። እርስዋም ብስኩቱን ሳትቀምስ ለልጁ ሰጠችውና መንገዷን ቀጠለች።

ይህ ጽሑፍ ለዚያች እናት የሚሰጥ የዘገየ መልስ ነው። ያን ዕለት ልንመልስላት ያልቻልነውን፣ ከዚያ ወዲህ ከሊቃውንቱ መጻሕፍት መርምረን ያገኘነውን፣ በየቤቱ ያሉ እናቶችና አባቶች ይረዱት ዘንድ እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

የምግብ ጭማሪ ማለት ምን ማለት ነው?

የምግብ ጭማሪ የሚባለው ራሱን ችሎ እንደ ምግብ የማይበላ፣ ነገር ግን ምግቡ እንዳይበላሽ፣ መልኩ እንዲያምር፣ ጣዕሙ እንዲጎላ ወይም ቅርጹን እንዲጠብቅ ታስቦ በጥቂት መጠን የሚጨመር ነገር ነው። በዓለም ላይ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ጭማሪዎች አሉ። ከእነርሱም ከፊሎቹ ከዕፅዋት፣ ከፊሎቹ ከእንስሳት፣ ከፊሎቹ ከማዕድን የሚወጡ ሲሆኑ፣ የቀሩት በፋብሪካ የሚቀመሙ ናቸው።

ነገሩ ስሙ አዲስ ሆነ እንጂ ሥራው ለእኛ አዲስ አይደለም። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው ወጥ ለማጣፈጥ ብቻ አልነበረም። ሥጋው ቋንጣ ሆኖ የሚሰነብተው በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ስለሚደርቅ ነው። ጠላችንና ጠጃችን መራራውን ጌሾ የሚሹት ለጣዕም ብቻ ሳይሆን መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽም ነው። ቅቤ ሲነጠር ኮሰረትና ኮረሪማ፣ አብሽና እርድ ይገባበታል። እርዱ የሚሰጠው ብጫ መልክ በአውሮፓ የጭማሪዎች መዝገብ የመጀመሪያውን ቁጥር፣ 100ን ይዟል። እንግዲህ በየማድ ቤቱ እርድ የምትጨምር እናት ሁሉ፣ ሳታውቀው፣ የምግብ ማቅለሚያ ትጠቀማለች ማለት ነው።

በእንጀራ ረገድም እንደዚሁ ነው። እንጀራ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሻጋታ ይጀምረዋል። ይህን ለማዘግየት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቤንዞይክ አሲድን፣ የሶርቢክና የፕሮፒዮኒክ አሲድ ጨዎችን በእንጀራ ላይ ሞክረው፣ እንጀራው ያለ ሻጋታ የሚቆይበት ጊዜ በብዙ ቀን እንደሚራዘም በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል። እነዚህ ነገሮች በኮምጣጣ ምግብ ውስጥ በይበልጥ ይሠራሉና፣ እርሾው ያኮመጠጠው እንጀራ የተመቸ ቤት ይሆንላቸዋል።

ስለዚህ «ጭማሪ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ሁሉ መደንገጥ አይገባንም። በአንጻሩም «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆነንም። የወሎና የጎንደር ገበሬ ጓያን ያውቀዋል። ጓያ ላይ ማንም ምንም አልጨመረበትም፤ ነገር ግን በችግር ዘመን ለወራት ዋና ምግብ አድርገው የበሉት ብዙ ሰዎች፣ እህሉ በራሱ ውስጥ በያዘው መርዝ እግራቸው ሰንፎ ቀርቷል። ሻጋታም ተፈጥሮ ነው፤ በለውዝና በበርበሬ ላይ የሚበቅለው አንዱ ዓይነት ሻጋታ ግን አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያፈራል። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባን «ጭማሪ አለበትን?» ብለን ብቻ አይደለም፤ «ምን ተጨመረ? ስንት ተጨመረ? ማንስ ይበላዋል?» ብለን ነው።

የውጫሌ ትምህርት

ወደ ግሸን የሚሄደው ሰው የሚያልፍባት ውጫሌ በታሪካችን የታወቀች ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል በዚያ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። በአማርኛው «ብንፈልግ እንችላለን» የሚል መንፈስ የነበረው ቃል፣ በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። የዚህም መጨረሻው ዓድዋ ላይ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ታየ። አባቶቻችን ከዚያ የተማሩት፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ሳይመረምሩ መቀበል ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው።

በእሽግ ምግብ ጀርባ ላይ ያለውም ጽሑፍ እንደ አንድ ትንሽ ውል ሊቈጠር ይገባዋል። ገንዘባችንን ሰጥተን፣ በዚያ የተዘረዘረውን ነገር ወደ ልጃችን ሆድ እንዲገባ ፈቅደናልና። ስለዚህ እንዴት እንደሚነበብ ጥቂት እንናገር።

በዝርዝሩ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈው ነገር በመጠኑ ከሁሉ የበለጠው ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ መጠኑ እያነሰ ይሄዳል። ስኳር በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ስፍራ ተጽፎ ከተገኘ፣ ያ ምግብ ስሙ ምንም ቢሆን ከስኳር የተሠራ ነው። ጭማሪዎቹ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በስማቸው፣ አንዳንድ ጊዜ በቁጥር ይጻፋሉ። ከቁጥሩ በፊት የሚገኘው «ኢ» የሚባለው የላቲን ፊደል አውሮፓን ያመለክታል። ከ100 እስከ 199 ያሉት ማቅለሚያዎች ናቸው። በ200 የሚጀምሩት እንዳይበላሽ የሚያደርጉ፣ በ300 የሚጀምሩት ከአየር የሚመጣን ጉዳት የሚከላከሉና ኮምጣጣነትን የሚያስተካክሉ፣ በ400 የሚጀምሩት የሚያወፍሩና ዘይትን ከውኃ ጋር የሚያዋሕዱ ናቸው። በ600 የሚጀምሩት ጣዕም የሚያጎሉ ሲሆኑ፣ በ900ዎቹ ውስጥ ስኳርን የሚተኩ ማጣፈጫዎችና የላይ ማብረቂያዎች ይገኛሉ።

ቁጥር የያዘ ሁሉ መርዝ አይደለም። 300 የተባለው በሎሚና በብርቱካን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ነው። 330 የሎሚ አሲድ፣ 260 የኮምጣጤ አሲድ፣ 500 በቤታችን ያለው ሶዳ ነው። የምንተነፍሰው ኦክሲጅን እንኳ 948 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል።

ነገሩ ሁሉ በመጠን ነው

በ1956 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በአንድነት የምግብ ጭማሪዎችን የሚመረምር የሊቃውንት ጉባኤ አቋቋሙ። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮዴክስ አሊመንታሪየስ የሚባለው፣ የምግብን ደረጃ ለዓለም ሁሉ የሚያወጣው ጉባኤ ተመሠረተ። በአገራችንም የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት ይህን ሥራ ይቈጣጠራል።

የሊቃውንቱ አሠራር እንዲህ ነው። አንድ ጭማሪ በእንስሳት ላይ ተሞክሮ ምንም ጉዳት ያላመጣበት ከፍተኛው መጠን ይፈለጋል። ያ መጠን ብዙውን ጊዜ ለ100 ይከፈልና፣ ሰው በዕድሜው ሁሉ በየቀኑ ቢበላው አይጎዳውም የሚባለው ልክ ይወጣል። ልኩም የሚነገረው በሰውነት ክብደት ነው። ልብ ልንለው የሚገባን ነገር እዚህ ላይ ይገኛል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን አባት ሊሸከመው የሚችለውን መጠን 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አይሸከመውም። ቀዩን መጠጥና ከረሜላውን በብዛት የሚፈልገው ግን አባትየው አይደለም፤ ሕፃኑ ነው።

ሊቃውንቱም አንድ ጊዜ የተናገሩትን መልሰው ይመረምራሉ። ምግብን ነጭ ለማድረግ የሚያገለግለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ቁጥሩ 171፣ ለብዙ ዘመን ተፈቅዶ ሲሠራበት ቆይቶ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከምግብ ውስጥ ተከልክሏል። የዓለም አቀፉ ጉባኤ ግን በ2023 እ.ኤ.አ. መርምሮ የሚያሰጋ ነገር አላገኘሁም ብሏል። ኤሪትሮሲን የተባለውን ቀይ ማቅለሚያ፣ ቁጥሩ 127፣ የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከምግብ ውስጥ እንዲወጣ ወስኗል። እንግዲህ «ተፈቅዷል» ማለት «ዛሬ እስከሚታወቀው ድረስ» ማለት መሆኑን ልንረዳ ይገባናል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው

ከጭማሪዎች ሁሉ፣ ለአገራችን ቤተሰብ ማወቅ ይጠቅማል ያልናቸውን ጥቂቶቹን እናቀርባለን።

ስለ ማቅለሚያዎች፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 300 ለሚያህሉ ሕፃናት ከፊል ጊዜ ቀለምና ሶዲየም ቤንዞኤት ያለበት መጠጥ፣ ከፊል ጊዜ ይህ የሌለበት መጠጥ ሰጥተው ጠባያቸውን ተመለከቱ። ቀለም ያለበትን በጠጡ ጊዜ በአንዳንዶቹ ሕፃናት ላይ መቅበጥበጥና ትኩረት ማጣት ጥቂት ጨምሮ ታየ። ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ በሁሉም ሕፃናት ላይም እኩል አልታየም። ቢሆንም የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 102፣ 104፣ 110፣ 122፣ 124 እና 129 የተባሉት ማቅለሚያዎች ያሉበት ምግብ ሁሉ በሕፃናት ጠባይና ትኩረት ላይ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል በእሽጉ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ። ቀለም ለምግቡ ምንም ኃይል አይጨምርለትም፤ ዓይንን ለማስደሰት ብቻ የተጨመረ ነውና፣ ብንተወው የሚቀርብን ነገር የለም።

ስለ ቤንዞኤት፤ 211 የተባለው ሶዲየም ቤንዞኤት በለስላሳ መጠጥ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ከቫይታሚን ሲ ጋር በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው፣ በጣም ጥቂት ቤንዚን የሚባል፣ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ሊፈጠር ይችላል። ይህ ቤንዚን ለመኪና ከምንቀዳው ነዳጅ ጋር በስም ቢገጥምም የተለየ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ጠርሙስ አለመግዛት ይሻላል።

ስለ ሰልፋይት፤ ከ220 እስከ 228 ያሉት ቁጥሮች በደረቅ ፍራፍሬና በአንዳንድ መጠጦች ውስጥ ይገኛሉ። ለብዙ ሰው አይከፉም፤ አስም ያለበትን ሰው ግን ደረቱን ሊያፍኑት ይችላሉ። ልጁ አስም ያለበት ወላጅ እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ሊይዝ ይገባዋል። አቀበት በሚወጣ ልጅ ላይ አስም ሲነሣ ሐኪም ቅርብ አይገኝምና።

ስለ ብሮሜት፤ የዳቦ ሊጥ እንዲነፋ በዱቄት ላይ ይጨመር የነበረው ፖታሲየም ብሮሜት፣ ቁጥሩ 924፣ በእንስሳት ላይ ካንሰር ማምጣቱ ስለ ታወቀ በአውሮፓ አገሮች ተከልክሏል፤ ህንድም በ2016 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች። ዳቦ ቤት ያላቸው ምእመናን የሚገዙት የሊጥ ማሻሻያ ይህ የሌለበት መሆኑን ሊጠይቁ ይገባል።

ስለ ናይትራይት፤ 249 እና 250 የተባሉት በታሸገና በቋሊማ መልክ በተሠራ ሥጋ ውስጥ ይገባሉ። ገዳይ የሆነውን የቦቱሊዝም መርዝ ይከላከላሉ፤ ይህ ጥቅማቸው ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. እንዲህ የተዘጋጀ ሥጋ የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጦ፣ በየቀኑ 50 ግራም መብላት አደጋውን በ18 በመቶ እንደሚጨምር ተናግሯል። ፍስክ በሆነ ጊዜ ከቋሊማ ይልቅ ከገበያ የተገዛ ትኩስ ሥጋ ይሻላል።

ስለ ማጣፈጫዎች፤ 951 የተባለውን አስፓርታም ይኸው ተቋም በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ክፍል አስገብቶታል። የሊቃውንቱ ጉባኤ ግን በዚያው ወር፣ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 40 ሚሊግራም መውሰድ እንደማይጎዳ አጽንቶአል። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል ከውልደት የሚገኝ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን ፈጽሞ ሊርቁት ይገባል።

ይህን ሁሉ ስንናገር ከሁሉ የከፋው ጭማሪ የቱ ነው ቢባል፣ መልሱ ብዙዎች የማይጠብቁት ነው። ቁጥር የሌላቸው ስኳርና ጨው ናቸው። በተለመደ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ በየ100 ሚሊ ሊትሩ 10 ግራም ያህል ስኳር አለ። የሾርባ ኩብም በአብዛኛው ጨው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት በየቤታችን እየገቡ ያሉት በዚህ በር ነው። ቁጥሮቹን እየፈራን ስኳሩን ብንረሳው፣ በፊት ያለውን በር ዘግተን የጓሮውን ከፍተን እንደ መተኛት ይሆናል።

የጾሙ ጥያቄ

ያች እናት አስቀድማ የጠየቀችው ስለ ጾሙ ነበርና፣ በዚህም ረገድ የተረዳነውን እንናገር። በብስኩትና በኬክ ውስጥ ወተት በብዙ ስም ይገባል፤ የወተት ዱቄት፣ ዌይ፣ ኬዚንና ላክቶስ የሚባሉት ሁሉ ከወተት የተገኙ ናቸው። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ይሠራል፤ በሚለጠጥ ከረሜላ ውስጥ ይገኛል። 471 የተባለው ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳት ስብም ሊሠራ ይችላል፤ ከየትኛው እንደ ሆነ እሽጉ ካልተናገረ በቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። 322 የተባለው ሌሲቲን ብዙውን ጊዜ ከአኩሪ አተር፣ አንዳንድ ጊዜ ከእንቁላል ይወጣል። 120 የተባለው ቀይ ማቅለሚያ ከደረቁ ትንንሽ ነፍሳት ተፈጭቶ ይወጣል፤ ከረሜላ የሚያብረቀርቅበት 904 ደግሞ ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው።

ከእነዚህ የትኛው ጾምን ይፈታል፣ የትኛው አይፈታም የሚለውን ፍርድ እኛ አንሰጥም፤ ይህን እያንዳንዱ ምእመን ንስሐ አባቱን ይጠይቅ። የእኛ ድርሻ ጠያቂው ምን እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ብንጨምር አንሳሳትም። በጾም ቀን ከመጠራጠር የሚያድነው መንገድ ቀላል ነው፤ ቆሎና በሶ ዝርዝር የላቸውም።

ጭማሪና ባዕድ ነገር

እስከ አሁን የተናገርነው በሕግ ስለ ተፈቀዱ ጭማሪዎች ነው። ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ሌላ ክፋት አለ፤ እርሱም በምግብ ውስጥ ባዕድ ነገር መቀላቀል ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በእንጀራ ውስጥ ጀሶ፣ በበርበሬ ውስጥ የሸክላ አፈር፣ በቅቤ ውስጥ የረጋ የአትክልት ዘይት፣ በማር ውስጥ ስኳር ቀላቅለው የሚሸጡ ሰዎች ስለ መያዛቸው በየጊዜው ተሰምቷል። ይህ ጭማሪ አይባልም፤ ሌብነትና በወንድም ጤና ላይ የሚፈጸም በደል ነው እንጂ።

እንዲህ ያለው ተንኮል የአገራችን ብቻ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ሱዳን የሚባለው፣ ለልብስና ለሰም ማቅለሚያ የሚሆነው ቀይ ቀለም በበርበሬ ዱቄት ውስጥ በፈረንሳይ አገር ተገኘ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝ በብዙ መቶ የሚቈጠር ዓይነት ምግብ ከየሱቁ ተሰበሰበ። በቻይና በ2008 እ.ኤ.አ. ሜላሚን የሚባል የፕላስቲክ መሥሪያ በወተት ዱቄት ውስጥ ተጨምሮ 300,000 ያህል ሕፃናት ታመዋል፤ ስድስትም ሞተዋል። ያም የተጨመረው ውኃ የበዛበት ወተት በምርመራ ጊዜ የበለጸገ መስሎ እንዲታይ ነበር።

መከላከያው ምንድን ነው ቢባል፣ በርበሬውን ዛላውን ገዝቶ፣ ቀንጥሶና አጥቦ ማስፈጨት፣ ቅቤውንና ማሩን ከሚያውቁት ሰው መግዛት፣ ከገበያው ዋጋ እጅግ የረከሰውን መጠርጠር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰውም በዝምታ ወርውሮት እንዳይቀር፣ ለጤና ቢሮ ወይም ለባለሥልጣኑ ያስታውቅ። እርሱ የወረወረውን ጎረቤቱ ገዝቶ ይበላዋልና።

መልካም ጭማሪም አለ

ነገሩን በፍርሃት እንዳንዘጋው፣ የሚያድን ጭማሪ መኖሩንም እንናገር። በደጋው አገራችን አፈሩ በጎርፍ ስለ ታጠበ አዮዲን የሚባለው ማዕድን ያንሰዋል። ስለዚህ በአንገት ላይ የሚወጣው እንቅርት ለብዙ ዘመን በየመንደሩ ይታይ ነበር። ከእንቅርቱም የከፋው፣ እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ካነሳት የሕፃኑ አእምሮ በሚገባ ሳያድግ መቅረቱ ነው። ይህን ለመከላከል የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቁጥር 204 ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ። እንግዲህ አዮዲን ያለበትን ጨው እንግዛ፤ በተከደነ ዕቃ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቀን እናስቀምጠው፤ ኃይሉ በእሳት እንዳይጠፋም ወጡ ሊወጣ ሲል እንጨምረው። መጠኑን ግን አናብዛ።

ለየቤቱ የሚሆን ምክር

የተናገርነውን ስናጠቃልለው እንዲህ ነው። ሕፃናት ዕለት ዕለት የሚመገቡት በቤት የተሰናዳ ይሁን፤ የታሸገው ለአልፎ አልፎ ይቅር። ጥማቸው በቀለም መጠጥ ሳይሆን በንጹሕ ውኃ ይቈረጥ። ከመግዛት በፊት የሚያበቃበት ቀን ይታይ፤ ዝርዝሩ ይነበብ፤ ማንበብ የማይችሉ እናቶች ካሉ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆቻቸው ያንብቡላቸው። እንዲህ ያለው ንባብ ለልጁም ለእናቲቱም ትምህርት ይሆናል። የሻገተውን ምግብ ላዩን ጠርጎ መብላት ይቅር። አስም፣ የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው በቤት ካለ፣ ለእርሱ የማይሆኑት ነገሮች በወረቀት ተጽፈው በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ።

ከመንገድ ዳር የሚሸጠውንም ወጣት አንርሳው። እርሱ የሚሸጠው ከአከፋፋይ ያገኘውን ነው፤ የዓመት ልብሱንና የእናቱን ጉርስ የሚያገኘውም ከበዓሉ ገበያ ነው። ተሳላሚው ሁሉ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ ባቄላና ንጹሕ ውኃ የሚጠይቀው ከሆነ፣ በሚመጣው ዓመት ሸራው ላይ እርሱን ዘርግቶ ይጠብቀናል። ገበያ የሚከተለው የገዥን ቃል ነውና።

ያች እናት ያን ዕለት መልስ ሳታገኝ አቀበቱን ወጣች። አመሻሽ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አጠገብ እንደ ገና አየናት። ልጁ በነጠላዋ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አንዲት የወሎ አሮጊት ከአጠገቧ ተቀምጠው፣ ከከረጢታቸው በሶ አውጥተው በጣሳ እየበጠበጡ «እንኪ ልጄ፣ ይህ የጾም ነው» ይሏት ነበር። እርስዋም ተቀብላ ጠጣች። እኛ በብዙ መጻሕፍት ፈልገን ያገኘነውን መልስ፣ እኒያ አሮጊት በከረጢታቸው ይዘውት መጥተው ነበር።

የበዓሉ በረከት ለሁላችን ይድረሰን፤ አሜን።